ባዛር እንዳይመስል፦ የክር፣ የጨርቅና የሚክስድ ሚዲያ ሥራዎችን በሰፈር ጋለሪ ማሳየት

ከክርና ከጨርቅ፣ ወይም የተለያየ ዕቃ ተቀላቅሎበት (ሚክስድ ሚዲያ) የተሠራ ሥራ ግድግዳ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ይሄ አልጋ ልብስ ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የመጨረሻው ስንት ነው?»። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሸማን የምናውቀው ከሽሮ ሜዳ፣ ስፌትን የምናውቀው ከእናቶቻችን ቤት ነው። የዘይት ቀለም ሥዕል ፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚቆመው ሰው፣ ሸማ ሲያይ ጫፉን በሁለት ጣቱ ይዞ ይፈትሻል።

ሥራችሁን ከባዛር ዕቃ የሚለየው ግን የተሠራበት ነገር አይደለም። አሰቃቀሉ፣ በዙሪያው የተተወለት ባዶ ቦታ፣ መብራቱና ከጎኑ ያለው ጽሑፍ ነው። እነዚህ አራቱ ከተስተካከሉ ያው ጥጥ፣ ያው ቆርኪ፣ ያው የማዳበሪያ ጆንያ ሰውን ያስቆማል። ካልተስተካከሉ ወራት የፈጀ ሥራም ጨርቅ ተራ የተሰጣ ዕቃ ይመስላል።

መመሪያው አራት አምስት ሆነው በወጣት ማዕከል፣ በቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ወይም ግድግዳ በፈቀደላቸው ካፌ ኤግዚቢሽን ለማዘጋጀት ላሰቡ የአዲስ አበባ አርቲስቶች ነው። ክፍለ ሀገር ላላችሁም ከጥቂት ነገር በቀር ይሠራል።

በክርና በወዳደቀ ዕቃ መሥራት ለከተማችን አዲስ ነገር እንዳልሆነም አትርሱ። በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደው ኤልያስ ስሜ በ1990 እ.ኤ.አ. ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተመረቀ በኋላ ሸራ ላይ ክር እየሰፋ፣ ቁልፍና ቆርኪ እየደረደረ ነው ስሙን የተከለው። በኋላ ደግሞ መርካቶ የሚገኙ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦዎችን እየጎነጎነ ትልልቅ ሙዚየሞች ድረስ ደረሰ። «ይሄ ደግሞ ጥበብ ነው እንዴ?» ለሚል ዘመድ የምትመልሱት አታጡም።

መጀመሪያ ምርጫው

ሁሉም ያለውን ሁሉ ይዞ መምጣት ይፈልጋል። እዚህ ላይ ጨከን በሉ። ለአንድ መካከለኛ ክፍል፣ አምስት አርቲስት ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ከሁለት እስከ ሦስት ሥራ ይበቃል። መራጩ ከሚያሳዩት አንዱ ባይሆን ይመረጣል። ጓደኛ የጓደኛውን ሥራ «ይቅር» ማለት ይከብደዋል፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። አንድ መምህር፣ አንድ ሠዓሊ ወይም ዓይኑን የምታምኑት ሰው ለምናችሁ አስመርጡ።

ሥራዎቹን የሚያስተሳስር አንድ ጠባብ ሐሳብ ያዙ። «ባህላችን» የሚለው ርዕስ ምንም አይናገርም። «ከአንድ መንደር የተሰበሰበ የተጣለ ልብስ»፣ «ነጭና አንድ ቀለም ብቻ»፣ «ከምናለሽ ተራ (ከመርካቶው የአሮጌ ዕቃ ገበያ) የተገኘ ብረትና የተፈተለ ጥጥ» ቢባል ግን ተመልካቹ ምን ሊያይ እንደመጣ ያውቃል፤ እናንተም የትኛው ሥራ እንደሚቀር ቶሎ ይገባችኋል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ጀምሩ። ክረምትን ሽሹ። ጥጥ እርጥበት ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይለጠጣል፤ ሰውም በዝናብ አይወጣም። ጥቅምትና ኅዳር ደረቅ ናቸው። ጥር ከውጭ የሚመጣ እንግዳ አለ፤ ግን ሠርጉም ያኔ ነው፤ ቅዳሜና እሑዱን ይወስድባችኋል። የትልልቅ በዓላት ዋዜማ ሳምንትን ተዉት፤ ሰዉ ልቡ ዶሮና ቅቤ ላይ ነው።

ቦታውን ስታዩ

ሜትርና ስልክ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ግድግዳውን አንኳኩ። የብሎኬት ግድግዳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ድሪልና 8 ቁጥር ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) ይፈልጋል። ከባድ ሥራ ካለ የኮንክሪቱን ቋሚ (ኮለን) ወይም አግዳሚ (ቢም) ፈልጉ፤ እዚያ ነው የሚታመነው። ጂፕሰም ከሆነ ከጀርባው ያለውን ብረት ወይም እንጨት ካላገኛችሁ ምንም ከባድ ነገር አትስቀሉበት። የቆዩ ሰፈሮች ውስጥ የጭቃ ግድግዳ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ጭቃ ምስማር ይዞ አይቆይም፤ ስለዚህ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ማንጠልጠል፣ ካልሆነም ከሞራሌ ራሱን ችሎ የሚቆም ክፈፍ መሥራት ነው።

ቀጥሎ እርጥበት። የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ። ቀለሙ የተነፋፋ ወይም የተላጠ ከሆነ ውሃ እየሳበ ነው። እዚያ ላይ ጨርቅ አይሰቀልም፤ የሸክላ ወይም የብረት ሥራ ካላችሁ ለእሱ ተዉት።

ቦታውን በአንድ ሰዓት ብቻ አትዩት። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ደግሞ አንዴ ግቡ። ፀሐይ በየትኛው መስኮት ገብታ የትኛው ግድግዳ ላይ እንደምታርፍ በስልክ ፎቶ አንሱ። የተነከረ ክር በቀጥታ ፀሐይ በሳምንታት ውስጥ ሊደበዝዝ ይችላል፤ የደበዘዘ ቀለም ደግሞ አይመለስም።

የቀረውን በአጭሩ፦ የበሩ ስፋት ትልቁን ሥራችሁን ያስገባል? ስንት ሶኬት አለ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ? ቁልፉ ማን ጋ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። የቁልፍ ያዡን ስልክ ያልያዘ ቡድን ግን የመስቀያ ቀኑን በር ላይ ቆሞ ያሳልፋል።

ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት ተፈራረሙ። ዘመድም ቢሆን። የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የመስቀያና የማውረጃ ቀን፣ ከሽያጭ የሚወሰደው መቶኛ፣ ጥበቃውን ማን እንደሚከፍል፣ ሥራ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ፣ ግድግዳ መብሳት መፈቀዱ። የንግድ ጋለሪዎች ከ30 እስከ 50 በመቶ ሊወስዱ ይችላሉ። የሰፈር ቦታ ያን ያህል ከጠየቀ፣ በምላሹ ምን እንደሚሰጥ ጠይቁት፦ ማስታወቂያ? ጠባቂ? መብራት?

ሥራውን ማዘጋጀት

ከብል እንጀምር። ብል የሚበላው በዋናነት የእንስሳ ነገር ነው፦ የበግ ጠጉር፣ ሐር፣ ላባ፣ ፀጉር ያለው ቆዳ። የመንዝ ባና ወይም የድሮ በርኖስ ቁራጭ ሥራው ውስጥ ካለ፣ ሳትፈትሹ ወደ ጋለሪ አታስገቡት። ጥጥን ብዙም አይነካውም፤ ላብና ምግብ የነካው አሮጌ ጥጥ ግን ይበላል። አንዱ አርቲስት ይዞት የገባው ብል የሌላውን ሥራ ስለሚበላ ጉዳዩ የግል አይደለም።

መድኃኒት ከመርጨት ማቀዝቀዝ ይሻላል። ሥራውን በላስቲክ ጠቅልሉ፣ አየሩን አስወጡ፣ በፕላስተር አሽጉ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ላስቲኩን ወዲያው አትክፈቱ። ሳይከፈት አንድ ቀን ይቆይና የክፍሉን ሙቀት ይያዝ፤ አለዚያ ጤዛው ጨርቁ ላይ ያርፋል። መሃል ላይ መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ቆጠራውን እንደገና ጀምሩ። መስታወት፣ ዛጎል ወይም የዘይት ቀለም ያለበትን ሥራ ግን ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡ፤ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ፣ ወይም ቱል ዘርግታችሁ በላዩ ላይ በቫኪዩም አንሱ። ቀለም የሚለቅ ክር እንዳለ ለማወቅ እርጥብ ነጭ ጥጥ ከማይታይ ጥግ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተጭናችሁ እዩ። ከለቀቀ ሥራው እንፋሎትም ሆነ ካውያ አያይም።

ሚክስድ ሚዲያ ላይ ሁለት ጠላት አለ። አንዱ ማስቲሽ ነው። ቶሎ ይይዛል፣ በየሰፈሩ አለ፣ ርካሽ ነው፤ ግን እየቆየ ቢጫ ይሆናል፣ ጨርቁን ዘልቆ ከፊት ይታያል። የሚሰፋ ነገር ከሆነ ስፉት። ቁልፍ፣ ጨሌ፣ የተበሳ ቆርኪ፣ ሽቦ፣ ሁሉም በክር ይያዛል፤ ነገ ቢላላም በክር ይጠገናል። ሁለተኛው ዝገት ነው። ቆርኪና ቆርቆሮ እርጥበት ካገኘ ጥጡ ላይ የማይለቅ ቡናማ ቀለበት ያትማል። ከመስፋታችሁ በፊት ጀርባውን ቫርኒሽ ቀቡት፤ በደንብ ይድረቅ።

አሮጌ ብራና፣ የቆየ የቤተ ክርስቲያን ጨርቅ ወይም የድሮ ጥልፍ ቆርጣችሁ ለመጠቀም ያሰባችሁ ካላችሁ ቆም በሉ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር አይወጣም። ገዢያችሁ ውጭ ወስዶ ለመስቀል ያሰበ እንደሆነ ጣጣው አየር ማረፊያ ላይ ይጀምራል። ለእኔ ከሕጉም በፊት፣ ብራና መቁረጥ ራሱ አይዋጥልኝም።

አሰቃቀል፦ ሁሉም ነገር እዚህ ነው

ጨርቅ የራሱን ክብደት ራሱ ይሸከማል። ሁለቱን ጥግ በምስማር ከመታችሁት ወይም በልብስ መቆንጠጫ ከያዛችሁት፣ ክብደቱ ሁሉ ሁለት ነጥብ ላይ ያርፋል። መሃሉ ይረግባል፣ ጥጉ ይሳባል፣ በሳምንቱ ቀዳዳው ይሰፋል። ከሁሉም በላይ የታጠበ ልብስ ይመስላል። ባዛር የሚያስመስለው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። ስለዚህ ክብደቱ በላይኛው ጠርዝ በሙሉ እኩል መከፋፈል አለበት። መንገዶቹ እነዚህ ናቸው።

*የአቡጀዲ ቱቦ።* ለሸማ፣ ለጥልፍና ለቁርጥራጭ ጨርቅ ሥራ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ታጥቦ የደረቀ አቡጀዲ ወስዳችሁ፣ ከሥራው ስፋት ትንሽ አጠር አድርጋችሁ፣ ዘንግ የሚገባበት ወደ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቱቦ ስፉ። ከዚያ ከሥራው ጀርባ፣ ከላይኛው ጠርዝ ዝቅ አድርጋችሁ በእጅ ስፉት። ቁም ነገሩ፦ ቱቦው ከሥራው ጋር የሚነካካው ጎን ዝርግ ይሁን፤ ትርፉ ጨርቅ በግድግዳው በኩል ይሁን። አለዚያ የዘንጉ ጉብታ ከፊት ይወጣል። ሥራው ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከሰፋ ቱቦውን ለሁለት ከፍላችሁ መሃሉ ላይ ክፍተት ተዉ፤ ዘንጉ መሃል ላይ ሦስተኛ መያዣ ይፈልጋል። ዘንጉ የአሉሚኒየም ቱቦ ቢሆን ጥሩ ነው። እንጨት ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ ቫርኒሽ ቀቡ፤ ጥሬ እንጨት ጨርቅን ያበልዛል።

*ቬልክሮ።* ከባድና ሰፊ ለሆነ ሥራ። ጋቢ ባለ አራት ድርብ መሆኑን አስታውሱ፤ ጋቢ ላይ የተጠለፈ ወይም ብረት የተሰፋበት ሥራ ቀላል አይደለም። 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ቬልክሮ፣ ለስላሳውን ወገን፣ ሰፋ ባለ የጥጥ ጥብጣብ ላይ በመኪና ስፉ። ጥብጣቡን ደግሞ ከሥራው ጀርባ በእጅ ስፉት። ሻካራውን ወገን ቀጭን ጣውላ ላይ በአናጢ ስቴፕለር ምቱ፤ ጣውላውን ግድግዳ ላይ በፊሸር እሰሩ። ሻካራው በጭራሽ ጨርቁ ላይ አይሁን፤ ሲጠቀለል የራሱን ክር ይነጭበታል። የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ግድግዳው ላይ ሆናችሁ ማስተካከል መቻላችሁ ነው። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ቀጥ ያለ ጠርዝ የለውም። አንድ ጎኑ ሲረግብ ላጥ፣ ከፍ፣ ጫን ማድረግ ነው።

*ከጣሪያ ማንጠልጠል።* እንደ ነጠላ ስስ ለሆነ፣ ብርሃን ለሚያሳልፍ ሥራ። ሰው ዙሮ እንዲያየው ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ የለም። ጥለቱ ከጀርባ ሲታይ የሸማኔው እጅ አካሄድ ይገለጣል፤ ብዙ ሰው ይሄን አይቶ አያውቅም። ዘንጉን በዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ያዙት፤ ግን ናይሎን ይለጠጣል። ከመክፈቻው ሁለት ሌሊት በፊት የሥራውን እጥፍ የሚመዝን ነገር አንጠልጥላችሁ ፈትኑት።

*ሰያፍ ጣውላ።* ኮምፔርሳቶ ላይ ለተሠራ ከባድ ሚክስድ ሚዲያ። አንድ ጣውላ ርዝመቱን ተከትሎ በ45 ዲግሪ ይሰነጠቅ። አንዱ ግማሽ ሹል ጠርዙ ወደ ላይ ሆኖ፣ ሰያፉ ወደ ግድግዳው እንዲያዘነብል ግድግዳው ላይ ይታሰራል። ሌላው ተገልብጦ ከሥራው ጀርባ ይታሰራል። ሥራውን ከፍ አድርጋችሁ ስታወርዱት አንዱ ሌላው ላይ ይቆለፋል። ማንኛውም የሰፈር አናጢ በግማሽ ቀን ይሠራዋል፤ ስዕሉን ወረቀት ላይ ብቻ አሳዩት። ሥራውን ቀድማችሁ መዝኑና ክብደቱን ጀርባው ላይ ጻፉ።

ትንንሽ ሥራዎች በአቡጀዲ በተሸፈነ ሰሌዳ ላይ ተሰፍተው ክፈፍ ውስጥ ቢገቡ ያምራሉ። መስታወት ካደረጋችሁ መስታወቱ ጨርቁን እንዳይነካ በመሃል ቀጭን እንጨት ይግባ። የአለላና የስንደዶ ሥራ፣ እንዲሁም ቅልና ሸክላ ያለበት፣ ከኮምፔርሳቶ የተሠራ ነጭ መቆሚያ ላይ ይቀመጥ። ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አንጥፎ መደርደር? ያኔ ባዛር ሆነ፤ አለቀ።

ማንኛውም አዲስ የጨርቅ ሥራ ከኤግዚቢሽኑ በፊት ቤት ውስጥ ጥቂት ቀን ተሰቅሎ ይቆይ። ጥጥ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከወረደ በኋላ የታችኛውን ጠርዝ አስተካክሉ፤ ካስፈለገ ቀጭን ዘንግ ከታች አስገቡለት።

በቆርኪና በመዳብ ሽቦ ግዙፍ «ጨርቅ» የሚሠራው ጋናዊው ኤል አናትሱይ፣ ሥራው እንዴት እንደሚታጠፍና እንደሚዘረጋ ለሰቃዮቹ ነፃነት በመስጠት ይታወቃል። ደስ ይላል። እሱ ግን ኤል አናትሱይ ነው። እናንተ የላይኛውን ጎን በቀስት አመልክታችሁ፣ እጥፋቱን ፎቶ አንስታችሁ፣ የአሰቃቀል መመሪያ ጽፋችሁ ከሥራው ጋር ስጡ።

ማጓጓዝ

አይታጠፍም፤ ይጠቀለላል። ጣቃ የሚጠቀለልበትን ወፍራም የካርቶን ቱቦ መርካቶ ጨርቅ ሻጮችን ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ የሚጣል ነው። ቱቦውን በንጹሕ አንሶላ ሸፍኑ፣ የሥራውን ፊት ወደ ውጭ አድርጋችሁ ጠቅልሉ፣ በላዩ ሌላ አንሶላ፣ ከዚያ ላስቲክ። ክፍት አይሱዙ ላይ ከሆነ ሸራ አይቅር። ቆርኪና ብረት የተሰፋበት ሥራ መጠቅለል ካልቻለ ዝርግ ሆኖ በኮምፔርሳቶ ላይ ይጓዝ።

የመስቀያው ቀን

ሁለት ቀን ያዙለት፤ አንድ ቀን አይበቃም። ይዛችሁ የምትመጡት፦ ድሪል፣ ፊሸርና ብሎን፣ ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ መሰላል፣ እርሳስ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ መርፌና በየሥራው ቀለም ክር፣ መቀስ፣ ማራዘሚያ ገመድ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ የእጅ ጓንት። እጃችሁን ታጠቡ፤ ነጭ ሸማ የድሪል ቅባት አይምርም።

አንሶላ አንጥፋችሁ ሥራዎቹን በየግድግዳው ሥር ወለሉ ላይ ዘርጉ። ከበሩ ቆማችሁ እዩ። የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳ ላይ አንድ ሥራ ብቻ ይሁን፤ ጠንካራው። ከዚያ ቅያሬ ይጀምራል፣ ክርክርም ይነሳል። ክርክሩን የሚቋጭ አንድ ሰው አስቀድማችሁ ሰይሙ።

መካከለኛ ሥራ መሃሉ ከወለሉ 150 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ዓይን ይመቻል። ትልቅ ሸማ ላይ ይሄ ሕግ አይሠራም። እዚያ ዋናው ነገር የታችኛው ጫፍ ነው፦ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከወለል ይራቅ፤ ጠዋት የሚወለወለው ውሃ እንዳይረጨው። በሥራና በሥራ መካከል ደግሞ ከምታስቡት በላይ ተዉ፤ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ሁሉም ከተሰቀለ በኋላ ክፍሉ ጥቅጥቅ ካለ አንድ ሁለት ሥራ አውርዱ። የወረደበት ሰው ይከፋዋል፤ ኤግዚቢሽኑ ግን ይተነፍሳል።

ጨርቁ ግድግዳውን ተለጥፎ አይሁን። ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወጣ ሲል አየር ያገኛል፤ ከጀርባው የሚወድቀው ጥላም ክብደት ይሰጠዋል።

መብራት

ሙዚየሞች ለጨርቅ የሚፈቅዱት ብርሃን ወደ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ነው፤ ደብዛዛ የሚባል ነው። በስልክ ላይ በሚጫን የብርሃን መለኪያ በግምት ማየት ይቻላል። ለሁለት ሳምንት ኤግዚቢሽን ትንሽ ከፍ ቢል አይጨነቁ፤ ቀጥታ ፀሐይን ግን በአቡጀዲ መጋረጃ ዝጉ። ኤልኢዲ አምፖል ተጠቀሙ፤ የድሮው ሃሎጅን ያሞቃል።

ብርሃኑን ፊት ለፊት ካበራችሁበት ጨርቁ ጠፍጣፋ ወረቀት ይመስላል። ከላይና ከጎን አስገቡት። ብርሃን አግድም ሲመታው የእጅ ፈትል ጉብታ፣ የድሩና የማጉ መጋጠሚያ፣ የስፌቱ ጥላ ሁሉ ይነሳል። በአንድ አምፖል መንቀሳቀስ ብቻ ሥራው ሲለወጥ ታያላችሁ። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ቻርጅ የሚደረግ መብራት አዘጋጁ። ሻማ ፈጽሞ።

መግለጫ ጽሑፉና የሸማኔው ስም

ከየሥራው ጎን ትንሽ ካርድ ይለጠፋል። «ሚክስድ ሚዲያ» ብቻ ብሎ መጻፍ ስንፍና ነው። ዝርዝሩ ራሱ ነው ሰውን የሚያስቆመው። እንዲህ አድርጉት፦

የአርቲስቷ ሙሉ ስም
የሥራው ርዕስ፣ 2017 ዓ.ም.
በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ የማዳበሪያ ጆንያ ክር፣ ቆርኪ፣ የመዳብ ሽቦ
180 × 90 ሳ.ሜ.
ሽመና፦ የሸማኔው ሙሉ ስም። ፈትል፦ የፈታይዋ ሙሉ ስም

የመጨረሻው መስመር ላይ ችክ የምለው ምክንያት አለኝ። የክር ሥራ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው እጅ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ያለ የጋሞ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ በእናንተ ንድፍ ጥለት ካወጣ፣ ስሙ ይጻፍ። ጥጡን የፈተሉት የሰፈር እናት ከሆኑ ስማቸው ይጻፍ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ። ጨርቁን ዝም ብላችሁ ከገበያ ከገዛችሁት «ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ሸማ» በሉ፤ እሱም እውነት ነው። ስም ያለው ሥራ ዋጋ ሲጠየቅበትም የሚከራከረው ሰው ይቀንሳል፤ ስንት እጅ እንደገባበት ያያላ።

ካርዱን በአማርኛ በትልቁ ጻፉ፤ ሌላ ቋንቋ ከሥር ይከተል። ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይታወቅ። ከወለሉ አንድ ሜትር ከሃያ ገደማ ላይ ለጥፉት፣ ሥራው ላይ ግን አይሰፋም፣ አይሰካም።

ዋጋ

ዋጋ ካርዱ ላይ አይጻፍ። ጨርቅና ዋጋ ጎን ለጎን ሲታዩ ሰው ወዲያው ሱቅ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። በር አካባቢ ባለ ጠረጴዛ ላይ የታተመ የዋጋ ዝርዝር ይኑር።

ዋጋውን ለማውጣት የዕቃውን ወጪ፣ ለሸማኔና ለፈታይ የከፈላችሁትን፣ የራሳችሁን የሥራ ቀናት በአንድ ደህና ባለሙያ የቀን ክፍያ አባዝታችሁ ደምሩ፤ የጋለሪውን መቶኛ ጨምሩበት። የሚወጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። ካስደነገጠ ሥራውን አታርክሱ፤ ይልቅ አነስ ያሉ፣ ክፈፍ የገቡ ሥራዎችን ጨምሩ፣ ተማሪም እንዲገዛ። ጋለሪ ውስጥና ቤታችሁ ያለው ዋጋ አንድ ይሁን። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ለሚለው «ዋጋው ዝርዝሩ ላይ ያለው ነው፤ በሁለት ጊዜ መክፈል ግን ይቻላል» ብሎ ፈገግ ማለት ነው። የተሸጠው ላይ ቀይ ነጥብ ይለጠፍ፤ ኤግዚቢሽኑ ሳያልቅ ግን ማንም ሥራውን ከግድግዳ አያወርድም። ደረሰኝ ማን እንደሚቆርጥ ከጋለሪው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሥራውን መሸጥ የቅጂ መብቱን መሸጥ አይደለም። ገዢው ንድፋችሁን ቀሚስ ላይ ማሳተም ከፈለገ ሌላ ስምምነት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠሪውን መብት ይጠብቃል። በሽያጭ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጻፉበት።

መክፈቻው

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጥሩ ነው። ቡና ይፈላል፤ ግን ከክፍሉ ውጭ። የዕጣንና የከሰል ጭስ ጥጥ ውስጥ ገብቶ ለወራት አይወጣም፤ ነጩንም ያደበዝዛል። ጠጅም ሆነ ቀይ ወይን ደጅ ይቅር፤ ቆሎውም። ብርጭቆ ይዞ የሚገባን እንግዳ በትህትና የሚቀበል አንድ ወጣት በር ላይ ይቁም።

«አትንኩ» የሚል ወረቀት በየቦታው አትለጥፉ። የእኛ ሰው ጨርቅን የሚያየው በእጁ ነው፤ ብትከለክሉትም ይነካል። ይልቅ ከየሥራው ዓይነት ቁራጭ ናሙና ሠርታችሁ «ይሄን ንኩ» ብላችሁ በገመድ አንጠልጥሉ። እጅ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ለዓይነ ስውራን ጎብኚዎችም በር ይከፍታል።

ንግግሩ አጭር ይሁን። ስማቸው ካርዱ ላይ የተጻፈው ሸማኔና ፈታይ ቤተሰባቸውን ይዘው እንዲመጡ የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጥታችሁ ጋብዙ፤ በስማቸው ተነስተው ይታዩ። ከቻላችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥጡን የፈተሉት እናት እንዝርት ይዘው እንዲያሳዩ አድርጉ፤ ተገቢውን እየከፈላችሁ። ልጆች የሚጎርፉት ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ

በየጠዋቱ አንድ ሰው ይዙር። የረገበ ጠርዝ አለ? የላላ ቁልፍ? ከሥሩ አሸዋ የመሰለ ብናኝ? ብናኙ ካለ ብል ወይም ነቀዝ ሊሆን ይችላልና ሥራው በዚያው ቀን ወርዶ በላስቲክ ይታሸግ። የጎብኚ መዝገብ አስቀምጡ፤ ስልካቸውን መተው የፈለጉ ይተዉበት፤ የሚቀጥለው ኤግዚቢሽን ጥሪ የሚሄደው ለእነሱ ነው።

ስታወርዱ መጀመሪያ ስትሰቅሉ ካነሳችሁት ፎቶ ጋር እያመሳከራችሁ ይሁን። የተበላሸ ካለ የጋለሪው ሰው ባለበት ይመዝገብ። ሥራዎቹ በየቱቧቸው ተጠቅልለው ይሂዱ፤ የተሸጡት በባለቤታቸው እጅ በፊርማ ይሰጡ። የሽያጩ ገንዘብ በስምምነቱ ቀን ይከፈል፣ የሸማኔውም ድርሻ ካለ በዚያው ዕለት። ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ድፈኑ፣ ሲደርቅ አለስልሱ፣ የግድግዳውን ቀለም ቀቡ፣ ቁልፉን መልሱ።